ዴስኩም ቁጥር ይኑረው

በየወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከሚለጠፉት የጨረታ ዝርዝሮች መቀመጫና መጻፊያው የተያያዘው «ኮምባይንድ ዴስክ» ብዙም አይጠፋም። ብዛቱ ይጻፋል፣ የብረቱ ውፍረት ይጻፋል፣ መጻፊያው ጣውላ ይሁን ቺፑድ፣ ቀለሙም ምን እንደሚሆን ይጠቀሳል። የስንተኛ ክፍል ልጅ እንደሚቀመጥበት ግን የሚጠይቅ የለም። ለአንድ ትምህርት ቤት ተማሪ ሁሉ 41 ቁጥር ጫማ ገዝቶ የሚያድል ሰው ቢገኝ አገር ይስቅበት ነበር። አንድ ልክ ዴስክ ለሁሉም የሚገዛው ግን በየዓመቱ ርክክቡን ፈርሞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ወልቂጤና ቡታጅራ በዚህ ረገድ ከሌላው የአገሪቱ ከተማ የተለዩ አይደሉም። ወልቂጤ የጉራጌ ዞን መቀመጫ ናት፤ ቡታጅራ ደግሞ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከተመሠረተ ወዲህ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ሆናለች። በሁለቱም የመንግሥት አንደኛና መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማለት የኦ-ክፍል ሕፃናትና የ8ኛ ክፍል ጎረምሶች አንድ ግቢ የሚጋሩበት ቦታ ማለት ነው። በፈረቃ በሚያስተምር ትምህርት ቤት እንዲያውም አንዱ ዴስክ ጠዋት የትልቁ፣ ከሰዓት በኋላ የትንሹ ነው።

የ7 ዓመት ልጅ ቁመቷ በአማካይ 1 ሜትር ከ20 ገደማ ነው። ከተረከዟ እስከ ቋንጃዋ ሲለካ ከ30 ሴንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። የአዋቂ ወንበር መቀመጫ ከመሬት ከ43 እስከ 46 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። በአዋቂ ልክ በተበየደ ዴስክ ላይ የተቀመጠች የ1ኛ ክፍል ተማሪ እግሯ መሬት አይነካም፤ የመቀመጫው ጠርዝ ጭኗን ከሥር ይጫነዋል፤ መጻፊያው ደረቷ ጋ ስለሚደርስ እርሳስ ለመያዝ ትከሻዋን ትሰቅላለች። አገጯን ደብተሩ ላይ ልታሳርፍ ምንም አይቀራት። መምህሩ «ቀጥ በይ!» ሲላት ወደ ጠርዙ ተንሸራትታ በጣቶቿ ጫፍ መሬቱን ትፈልጋለች፤ ያን ጊዜ መደገፊያ እንኳ ቢኖር ጀርባዋ አይደርስበትም። ለትንሽ ልጅ በተሠራ ዴስክ ላይ የሚቀመጥ የ14 ዓመት ልጅ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ጉልበቱ ከመጻፊያው ሥር ካለው የደብተር ማስቀመጫ ጋር ይጋጫል። የልጆች መቁነጥነጥ ብዙ ጊዜ የጠባይ ጉድለት ይባላል፤ ግማሹን ዴስኩ ቢሸከም ፍትሕ ነው።

እዚህ ላይ ማጋነን አያስፈልግም። የጀርባ አጥንት መጣመም የሚባለውና በጉርምስና ዕድሜ የሚታየው ሕመም ከዴስክ የሚመጣ አይደለም፤ የልጆች የወገብ ሕመምም ብዙ ምክንያት አለው። ከልክ ውጪ የሆነ መቀመጫ ሊያመጣ የሚችለው ድካምን፣ የአንገትና የትከሻ ሕመምን፣ የሐሳብ መበታተንን ነው። በቀን አራት አምስት ሰዓት ለሚቀመጥ ልጅ ይህ ራሱ ይበቃል።

ሌላው ዓለም ጉዳዩን ከጀመረው ቆይቷል። ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ፋርነር ስለ ልጅና ስለ ትምህርት ቤት ጠረጴዛ መጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1865 ነበር። ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1907 ሮም ውስጥ የሕፃናት ቤቷን ስትከፍት የተቸነከረውን አግዳሚ ትታ በልጅ ልክ የተሠሩ ቀላል ወንበሮችን አስገባች። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዴንማርካዊው ቀዶ ሐኪም ማንዳል፣ ልጅን በዘጠና ዲግሪ ቀጥ ብለህ ተቀመጥ ማለት ከንቱ ነው፣ የመጻፊያው ገጽ ራሱ ወደ ልጁ ያዘንብል ብሎ ተከራከረ። ዛሬ አውሮፓ «ኢኤን 1729» በሚባለው ደረጃ የትምህርት ቤት ወንበርና ጠረጴዛን እንደ ጫማ ቁጥርና ቀለም ሰጥቶታል። ቁመቱ ከ108 እስከ 121 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ልጅ መቀመጫው 31፣ ጠረጴዛው 53 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከ119 እስከ 142 ለሆነው 35 እና 59፤ ከ146 እስከ 176 ለደረሰው 43 እና 71።

እነዚህን ቁጥሮች እንዳሉ መገልበጥም አይበጅም። በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 37 በመቶው የመቀንጨር ችግር እንዳለባቸው አሳይቷል። ክፍላችን ውስጥ ያለው ልጅ ከአውሮፓዊው እኩያው ሊያጥር ይችላልና እዚሁ መለካት አለበት። ለመለካት ደግሞ ቡታጅራን የሚያህል ልምድ ያለው ከተማ አይገኝም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በእኛ አቆጣጠር ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዙሪያዋ ካሉ ዘጠኝ የገበሬ ማኅበራትና ከከተማዋ አንድ ቀበሌ ቤት ለቤት ልደትና ሞት ሲመዘግብ ኖሯል፤ በጤና ምርምር ዓለም «ቡታጅራ» የታወቀ ስም ነው። እናቶችን በየደጃቸው እየሄደ ለጠየቀ አካባቢ፣ የሦስት ክፍል ተማሪዎችን ጫማ አስወልቆ ከተረከዝ እስከ ቋንጃ፣ ተቀምጠውም ከመቀመጫው እስከ ክርን መለካት የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ኮምባይንድ ዴስክ ለምን ነገሠ ቢባል መልሱ ቀላል ነው። መቀመጫውና መጻፊያው በአንድ ብረት ስለተበየዱ ቶሎ አይሰበርም፤ ሦስት ልጅ ይይዛል፤ ለቆጠራና ለርክክብ ይመቻል። ለአንደኛ ደረጃ የተቀመጠው ደረጃ በአንድ ክፍል ከ50 ተማሪ አይበልጥም፤ ከዚያ ሲያልፍ ሦስቱ አራት ይሆኑና ተጣበው ይቀመጣሉ። ድሃ አገር ጠንካራ ዕቃ መምረጡ አያስነቅፍም። የሚያስነቅፈው ጠንካራውን ዕቃ በአንድ ልክ ብቻ ማሠራቱ ነው።

«አቅም የለንም» የሚለው ሰበብም እዚህ ላይ አይሠራም። ዴስኩ ከግራና ከቀኝ አንዳንድ የመጻፊያና አንዳንድ የመቀመጫ እግር አለው እንበል። መጻፊያው ከ71 ወደ 53፣ መቀመጫው ከ43 ወደ 31 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ ከአንድ ዴስክ 60 ሴንቲ ሜትር ቱቦላሬ ይተርፋል። አሥር የትንንሽ ልጆች ዴስክ ያሠራ ትምህርት ቤት አንድ ሙሉ ባለ 6 ሜትር ብረት ያድናል ማለት ነው። በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁት ብረታ ብረት ሠራተኞች ልኩ ከተነገራቸው ይቆርጡታል። ወልቂጤም ቡታጅራም ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አላቸው፤ ወልቂጤ የምህንድስና ትምህርት የሚሰጥ ዩኒቨርሲቲም አላት። ሦስት ልክ ናሙና ሠርቶ ለየዞኑ ትምህርት መምሪያ ማሳየት ለመመረቂያ ፕሮጀክት ያንሳል እንጂ አይበዛም። እግረ መንገዳቸውን የሁለተኛ ደረጃውን አርምቼር ቢያዩት ደግ ነው፤ መጻፊያው ብዙውን ጊዜ በቀኝ በኩል ስለሆነ ግራኙ ተማሪ ወገቡን ጠምዝዞ ነው የሚፈተነው። የእነ ቸሃና የእነ እዣ ወረዳ ባሕር ዛፍም የዴስክ ጣውላ ሆኖ ከአጥር ማገርነት ያልፋል፤ በእርጥቡ ተሰንጥቆ ከተመታ ግን ክረምቱ ሳይወጣ ይጣመማልና በደንብ ይድረቅ።

የጉራጌ ሕዝብ መንግሥት እስኪደርስለት የሚጠብቅ ሕዝብ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ያሉ ነጋዴዎችና ሠራተኞች ገንዘብ አዋጥተው መንገድ አስቀድደዋል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ትምህርት ሚኒስቴር «ትምህርት ለትውልድ» ብሎ ሕዝቡን ለትምህርት ቤቶች ጥገና ሲያስተባብር ዴስክ ከሚዋጣላቸው ነገሮች አንዱ ነው። ለመስቀል አገር ቤት የሚገባው የመርካቶ ነጋዴ በተማረበት ትምህርት ቤት ዴስክ ቃል መግባት ያውቃል።

እንግዲህ ልመናው ለእነዚህ ሰዎች ነው። ወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ ለብየዳ ቤቱ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ከ1ኛ፣ ከ4ኛና ከ7ኛ ክፍል ልጆች ጥቂቶቹን ይለካ። በውሉ ላይ አንድ ሳይሆን ሦስት ቁመት ይጻፍ፤ በየዴስኩ ጎን 1፣ 2፣ 3 ተብሎ ቁጥር ይቀባበት። በፈረቃ የሚያስተምሩትም ትንንሾቹን ከትልልቆቹ ጋር በአንድ ክፍል ከማፈራረቅ እኩዮችን ያፈራርቁ። መስቀል ሲደርስ ገንዘብ የሚያዋጣው ሰውም «ስንት ዴስክ ተሠራ?» ብሎ ብቻ አይመለስ፤ «በማን ልክ ተሠራ?» ብሎም ይጠይቅ።