«ክልሎች ስንት ናቸው?»

«ይኸውልህ፣ ጠቅላላ ዕውቀት ከነመልሱ!» ወዳጄ ከፎቶ ኮፒ ቤት የገዛውን ጥራዝ ዘረጋልኝ። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ባወጣው ክፍት የሥራ መደብ ተመዝግቦ የጽሑፍ ፈተናው ቀን እስኪለጠፍ ሌት ተቀን ያጠናል። ጥራዙን ተቀብዬ መጠየቅ ጀመርኩ።

«በኢትዮጵያ ስንት ክልሎች አሉ?»

«ዘጠኝ» አለ ሳያመነታ። ጥራዙም ዘጠኝ ይላል።

ወዳጄ፣ ይህ ወረቀት ጊዜ አልፎበታል። ሲዳማ በ2012 ክልል ሆነ። በ2014 ደቡብ ምዕራብ ተከተለ። በ2015 መጨረሻ ላይ ደግሞ የቀረው የደቡብ ክልል ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተብሎ ለሁለት ሲከፈል ቁጥሩ 12 ደረሰ። አዲስ አበባና ድሬዳዋ የከተማ አስተዳደር ናቸውና እዚህ ውስጥ አይቆጠሩም።

«ቆይ እንጂ! እኔ ሕገ መንግሥቱን ራሱን ከፍቼ ዘጠኝ ነው ያገኘሁት።»

ልክ ነህ፣ ነገሩ የሚጥመውም እዚህ ላይ ነው። አንቀጽ 47 የዘረዘራቸው ክልሎች ዛሬም ዘጠኝ ናቸው፤ ጽሑፉ አልተቀየረም። ግን ዝቅ ብለህ ብታነብ ያው አንቀጽ በክልሎቹ ውስጥ ያሉ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች በማንኛውም ጊዜ የራሳቸውን ክልል የማቋቋም መብት እንዳላቸው ይናገራል። ሲዳማም የወጣው በዚሁ በር ነው። ስለዚህ ፈታኙ «በአንቀጽ 47 የተዘረዘሩት» ካለህ 9፣ «አሁን ያሉት» ካለህ 12 ብለህ ትመልሳለህ።

«ታዲያ የቱን ልሸምድድ?»

ሽምደዳው ሞልቶልሃል። ከእያንዳንዱ መልስ ጎን «ከመቼ ጀምሮ?» እና «ለምን?» የሚሉ ሁለት ጥያቄዎች ጻፍ። እነዚህን የማይመልስ ጥራዝ ሁሉ አይታመንም። በዩኔስኮ የተመዘገቡ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ቅርሶችንም ዘጠኝ ብሎልሃል፤ በ2016 ግን በአንድ ዓመት ውስጥ የጌዴኦ መልክዓ ምድር፣ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ እንዲሁም መልካ ቁንጡሬና ባልጪት ተጨምረው 12 ሆነዋል። የቡሩንዲን ዋና ከተማ ቡጁምቡራ ይላል፤ በፈረንጆቹ 2019 ወደ ጊቴጋ ዞሯል። ስዋዚላንድም በፈረንጆቹ 2018 ኢስዋቲኒ ተብላለች። በቴሌግራም እየዞረ የሚሸጠው «ያለፈ ፈተና» ሁሉ እንዲህ ዓይነት ነው፤ ሥራ ፍለጋ ኪሱ ባዶ ከሆነ ወጣት ላይ ለዚህ ገንዘብ መቀበል ደስ አይለኝም።

«እኔን የሚገድለኝ ዓመተ ምሕረት ነው» አለኝ። «መጽሐፉ በፈረንጆቹ፣ ጥያቄው በእኛ። ምርጫው ላይ ደግሞ ሁለቱንም ይደረድሩልሃል።»

ወሩን ካወቅህ ችግር የለም። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ልዩነቱ ሰባት ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜ ማለቂያ ስምንት። አድዋ የካቲት ላይ ነው፤ በ1888 ላይ ስምንት ጨምር፣ 1896። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር አዲስ አበባ ላይ በ32 አገሮች የተፈረመው ግንቦት 17 ቀን 1955 ነው፤ ያውም ስምንት፣ 1963። ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን የወረዱት ግን መስከረም 2 ቀን 1967 ነውና ሰባት ጨምረህ 1974 ትላለህ።

«አበበ ቢቂላስ? ሮም 1960 እንደሆነ አውቃለሁ። በእኛ 1952 ነው 1953?»

ጥሩ ጠየቅህ! በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 10 ቀን ነው። በእኛ ጳጉሜ 5 ቀን 1952፣ የዓመቱ መጨረሻ ቀን። በማግስቱ እንቁጣጣሽ ነበር፤ ስምንቱ ወደ ሰባት ሊወርድ አንድ ቀን ሲቀረው ማለት ነው።

«ይሄን ከእንግዲህ አልረሳውም!» አለ። አይረሳውም፤ ቀኑ ከበዓሉ ጋር ታስሮለታል።

ግን ወዲያው ተከራከረኝ። «ለአንድ ጥያቄ አንድ ደቂቃ እንኳ አይደርስህም እኮ። ለምን ለምን እያልኩ ስመራመር ወረቀቱ ይሰበሰባል።»

ለምኑ የሚጠየቀው ቤት ነው። ፈተናው ላይ የተሳሳተውን ምርጫ ቶሎ ለመጣል ያግዝሃል። ይህን እንውሰድ፦ ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን የማን ነው? ከምርጫዎቹ አንዱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሆናል። ብዙ ሰው እሱን ያከብባል፤ በሌላ አገር እንደዚያ እንደሆነ ሰምቷላ። የእኛ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ለምን? አንቀጽ 8 የሉዓላዊነት ባለቤቶች ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ናቸው ይላል። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ደግሞ የእነሱ ወኪሎች ጉባኤ ነው። የሰነዱ ባለቤት ትርጉሙንም ይወስን ከሚል ሐሳብ የመጣ ነው። ሐሳቡን ልትወደው ወይም ልትነቅፈው ትችላለህ፤ መልሱ ግን አይጠፋህም።

በ2012 አገራዊ ምርጫው በኮቪድ ምክንያት ሲራዘም የምክር ቤቶቹ የሥራ ዘመን ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ የሄደው ወዴት ነበር? በመጀመሪያ ወደ ሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ፣ ከዚያ ለውሳኔ ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት። ዜናውን ያኔ ሰምተኸዋል እኮ፤ ከአንቀጹ ጋር አላገናኘኸውም እንጂ።

«አጣሪ ጉባኤው 11 አባላት አሉት፣ እሷን ሸምድጃለሁ።»

እንዴት 11 እንደሆኑስ? የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትሉ ሁለት፣ የሕግ ባለሙያዎች ስድስት፣ ከፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚወከሉ ሦስት። ደምረው። ቁጥሩ ቢጠፋብህ እንኳ ከዚህ ታገኘዋለህ።

ትንሽ ዝም ካለ በኋላ «ለመሆኑ ይህ ሁሉ ለሥራው ምን ይጠቅማል?» አለኝ። ይህን ጥያቄ በቁም ነገር ነው የምወስደው። የረጅሙን ወንዝ ርዝመት የሚጠይቅ ፈተና ለሥራው ብዙም አይጠቅም፤ እንዲህ ዓይነቱን ጥያቄ ፈታኞች ቢተዉት እወዳለሁ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን እንደሚጀምር፣ የትኛው ጉዳይ የክልል የትኛው የፌዴራል እንደሆነ፣ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን እንደሚል የማያውቅ ሠራተኛ ግን መስኮቱ ላይ የቆመችውን እናት ያለጉዳይዋ ከቢሮ ቢሮ ያመላልሳታል። አንተ ከመስኮቱ ወዲያ ስትቀመጥ እሷን በአንድ ቃል ወደ ትክክለኛው ቦታ ብትመራት እመኛለሁ። ፈተናውም ይህን ቢለካ ተገቢ ነው።

«ሕገ መንግሥቱ ስንት አንቀጽ ነው?»

106።

«በቀን አሥር ባነብ በአሥራ አንደኛው ቀን እጨርሰዋለሁ። ከአንድ ልጀምር?»

ጊዜህ አጭር ነውና ከ50 ጀምር። 51ን እና 52ን ጎን ለጎን አድርገህ አንብባቸው፤ የፌዴራል መንግሥቱና የክልሎቹ ሥልጣን የተለየው እዚያ ነው።