ወርቁ ይውለቅ ወይስ ይቆይ?

«ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ የምጽፍላችሁ ከጌጃ ሰፈር ነው። ለፋሽን ብዬ አንድ የፊት ጥርሴን ወርቅ አስለበስኩ፤ ጎኑ ያለው ላይ ደግሞ ነጭ የፖርሴሊን ሽፋን አስለጠፍኩ። አሁን ሁለቱም አስጠሉኝ። ጓደኞቼ ‹በሌዘር ያለ ሕመም ይወልቃል› አሉኝ። እውነት ነው?»

እህታችን፣ ግማሹ እውነት ነው። ኤርቢየም ያግ የሚባለው ሌዘር ፖርሴሊኑን አልፎ ማጣበቂያው ውስጥ ያለውን እርጥበት ይመታል። ማጣበቂያው ሲላላ ሽፋኑ ሳይሰበር ይነሳል፤ ስስ ከሆነ ሰከንዶች ይበቁታል። ማሽኑ ውድ ስለሆነ ግን በየክሊኒኩ አታገኚውም።

ወርቁስ? ጨረሩ ብረት አያልፍም። እሱ በጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ ተሰንጥቆ ነው የሚወጣው። (ፒንሳ ያነሳ ወንድም ካለሽ አደራ፣ ጥርሱም አብሮ ይሰበራል!)

ዋናው ጉዳይ ከሥሩ ያለው ነው። ወርቅ ሲለበስ ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ ዙሪያውን ይሞረዳል፤ የተሞረደ የላይኛው ጠንካራ ሽፋን ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። ስለዚህ ወርቁ ሲወልቅ የድሮው ጥርስሽ አይጠብቅሽም፤ ሌላ ሽፋን ያስፈልገዋል። መጀመሪያ ራጅ ተነሺ፤ ምን ያህል እንደተሞረደና ምትኩ ስንት እንደሚያስወጣሽ ሳታውቂ ወንበሩ ላይ አትቀመጪ።

ወርቁንም ተቀብለሽ ውጪ፣ የራስሽ ንብረት ነው።