ሊፖሳክሽን፦ ከፎቶው በኋላ ያለውን ማን ይንገራችሁ?

“በ1 ቀን ቦርጭ ቻው!” የሚለውን ማስታወቂያ ሁላችሁም አይታችኋል። ፎቶው ከቀዶ ሕክምናው በስንት ጊዜ እንደተነሳስ ጠይቃችኋል?

እብጠቱ በደንብ እስኪወርድ ከ3 እስከ 6 ወር ይፈጃል። የጎደጎደው፣ እብጥ እብጥ ያለው፣ የተሸበሸበው ቆዳ ጎልቶ የሚወጣው ያኔ ነው። ስቡን የሚመጠው ቱቦ ለቆዳው በጣም ከቀረበ፣ ወይም ከአንድ ቦታ አብዝቶ ከወሰደ፣ ቦታው ይሰረጉዳል፤ ከሥር የሚሠራው ጠባሳም ቆዳውን ወደ ውስጥ ይጎትተዋል። በወሊድ የላላ ሆድማ ስቡ ሲወጣለት ይብሱን ሊንጠለጠል ይችላል። “ማሳጅ ያስተካክለዋል” ይሏችኋል። የጎደለን ስብ ማሳጅ አይሞላም!

እኔን የሚያናድደኝ ግን ውጭ አገር ሠርቶ በሳምንቱ አውሮፕላን ላይ የሚያሳፍረው ነው። ከወራት በኋላ ጠባሳው አጠገብ ቀይ እብጠት ወጥቶ መግል ቢያፈስ ማን ያያችኋል? እ.ኤ.አ. በ2003 እና 2004 ከአሜሪካ ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሄደው የተሠሩ ሰዎች ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ማይኮባክቴሪየም አብሴሰስ የሚባል የቲቢ ዘመድ ባክቴሪያ ሲሆን፣ የተለመደው አንቲባዮቲክ አይነካውም፤ ሕክምናው ወራት ይወስዳል።

ብዙዎቻችሁ ደግሞ መሠራታችሁን ከእኛም ትደብቃላችሁ (ከባል መደበቁ የራሳችሁ ጉዳይ ነው)። ካልነገራችሁን ተራ እባጭ መስሎን አሞክሳሲሊን ጽፈን እንሸኛችኋለን።

እናቶች፣ ልጃችሁ “ልሠራ” ካለቻችሁ አብራችኋት ሂዱ። የ1 ዓመት ፎቶ ይታያችሁ፤ ቢበላሽ ማን በማን ወጪ እንደሚያስተካክል በጽሑፍ ይሰጣችሁ። እምቢ ካሉ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።