የማን ልጅ ነህ ሳይሆን ምን ታውቃለህ በሉት!

ከመካነ ኢየሱስ የመጣ የአክስቴ ልጅ እኔ ዘንድ ከርሞ ነበር። በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቋል። በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ እንኳ ያወረደውን እየደጋገመ የተማረ ልጅ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ለሳይበር ደህንነት ሥራ ፈተነው፤ አለፈ። ከዚያ «ክሊራንስህ እስኪመጣ ጠብቅ» ተባለ። ዓመት ጠበቀ። «ለምን ቀረ?» ሲል «እኛ አናውቅም!» አሉት። «አልተቀበልንህም» የሚል ቁራጭ ወረቀት እንኳ የሚሰጠው አጣ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ እንነጋገር። ማጣራት አያስፈልግም የምል ሞኝ አይደለሁም። የባንክና የመብራት መረብ ቁልፍ ለመንገደኛ አይሰጥም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ማን ያጣራል? በየትኛው መመዘኛ? የተጣለውስ ለማን አቤት ይላል? አሜሪካኖች እንኳ መመዘኛቸውን 13 ነጥብ አድርገው በአደባባይ አውጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ መሠረት ክሊራንስ የተነፈገ ሰው ምክንያቱን በጽሑፍ ያገኛል፤ ይግባኝም ይላል። የኛው ልጅ ግን የሚጠይቀው ዘበኛውን ነው!

«ለአገር ደህንነት ነው» ይሉናል። የማን ደህንነት? ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድ ከመሥራቾቹ አንዱ የነበሩበት የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት መሥሪያ ቤት በ1999 ዓ.ም. ሲቋቋም የአገርን መረብ ሊጠብቅ ነበር። በ2007 ዓ.ም. የሚላኑ ሀኪንግ ቲም ራሱ ተጠልፎ ሰነዱ ሲበተን ግን፣ ይኸው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 ለመሰለያ ሶፍትዌር 1 ሚሊዮን ዶላር መክፈሉ ታየ። በውጭ ያሉ የኢሳት ጋዜጠኞች ዒላማ መሆናቸውንም የካናዳው ሲትዝን ላብ ቀድሞ አጋልጧል። ለመሆኑ ለሚላኑ ነጋዴ ክሊራንስ የሰጠው ማን ነው?

በ2006 ዓ.ም. የታሰሩትን የዞን 9 ጦማሪያን አስታውሱ። ኮምፒውተርን ከሰላይ የመጠበቅ ሥልጠና መውሰዳቸው በሽብር ክሱ ውስጥ ገባ! ክሱ ከዓመት በላይ እስር በኋላ ከሸፈ። ያው እውቀት ዛሬ «የሳይበር ታለንት» ተብሎ ይፈለጋል። ትናንት ወንጀል፣ ዛሬ ታለንት፤ ነገስ?

አፄ ቴዎድሮስ ከመካነ ኢየሱስ ሩቅ ባልሆነው ጋፋት ሴባስቶፖልን በፈረንጅ ያሠሩት፣ ያን ጥበብ የሚያውቅ ያገር ልጅ ስላጡ ነው። ዛሬ የሚያውቀው ልጅ በር ላይ ቆሟል፤ በር ከፋች ነው የጠፋው። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል።

ስለዚህ መመዘኛው ታትሞ ይውጣ። ለውሳኔው ቀን ይቆረጥለት። የተከለከለ ሰው ምክንያቱን በጽሑፍ ያግኝ። ይግባኙን ከአጣሪው ውጭ የሆነ አካል ይስማ። ይህ ካልሆነ ክሊራንስ የሚባለው የአገር ሳይሆን የባለጊዜ ቁልፍ ነው።

የአክስቴ ልጅ ትናንት ወደ መካነ ኢየሱስ ተመልሷል፤ ስልክ ሊጠግን። ልብ ያለው ልብ ይበል!