የሞተ ፍሪጅ ሞተር ምን ያደርግለታል?

ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ማቀዝቀዝ ያቆመ የወይን ጠጅ ፍሪጅ ዕጣው ሁለት ነው፤ ወይ ጠጋኝ ቤት ገብቶ ባለቤቱን ገንዘብ ያስወጣዋል፣ ወይ ለቆራሌው ይሸጣል። ሦስተኛ መንገድ አለ ብንል የሚስቅብን አይጠፋም፤ የሲጋር ማቆያ ማድረግ።

ሂዩሚዶር የሚሉት የሲጋር ሳጥን ከውጭ የሚመጣው በዶላር ነው። ሥራው ግን ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ሙቀትና ከ65 እስከ 70 በመቶ የአየር እርጥበት መጠበቅ ብቻ ነው። ፍሎሪዳ ያለ ሰው ማቀዝቀዣ ያስፈልገዋል፤ ሙቀቱ ከ24 ዲግሪ ካለፈ የትንባሆ ነቀዝ ይፈለፈላልና። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ የተቀመጠችው አዲስ አበባ ግን ቅዝቃዜውን በነፃ ትሰጣለች። ከፍሪጁ የሚፈለገው ወፍራም ግድግዳውና የበሩ ጎማ ነው። ሞተሩማ እንዲያውም ጠላት ነው፤ በሠራ ቁጥር አየሩን ያደርቃል።

አጠና ተራ አካባቢ «ውስጡን በጽድ አልብሰው» የሚል መካሪ አይጠፋም። አይስሙት! የሲጋር ሳጥን የሚሠራበት የላቲን አሜሪካ እንጨት «የስፔን ሴዳር» ቢባልም ከእኛ ጽድ ጋር ዝምድና የለውም። የጽድ ሽታ ሲጋሩን ያበላሸዋል፤ ያለ እንጨት መተው ይሻላል።

የቀረው ቀላል ነው። የጋዙን ቱቦ ሳይነኩ ፍሪጁን በቤኪንግ ሶዳ አጥቦ ሽታው እስኪጠፋ ማናፈስ፣ የውሃ መውረጃ ቀዳዳውን መድፈን፣ በዲስትልድ ውሃ የራሰ ስፖንጅ ማስቀመጥ። የእርጥበት መለኪያው ይዋሽ እንደሆነ ለማወቅ ከረጠበ ጨው ጋር በፌስታል አጥብቀው ያሳድሩት፤ 75 ካላለ ልዩነቱን ይያዙለት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ስፖንጁን ያውጡ፤ ክረምቱ ራሱ ያረጥባል፣ ከዚያ በላይ ሻጋታ ነው።

ገበያውስ? እዚህ ላይ ቁጥብነት ያሻል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስንም የትንባሆ ማስታወቂያንም ከልክሏል። ሲጋር ቤት እከፍታለሁ የሚል ባለሀብት ብሩን ይያዝ። ደንበኛው ቤቱ የሚያጨስ ጥቂት ሰው ስለሆነ፣ ሃያ ፍሪጅ ገዝቶ መደርደር ገንዘብ ማሰር ነው። ቀብድ ሲመጣ አንድ መፈለግ ይበቃል። ሲገዙም በሩ ላይ ወረቀት ቀርቅረው ይሳቡ፤ በቀላሉ ከወጣ ጎማው አልቋል፣ ይለፉት። ሻጩ «ጋዝ ብቻ ነው የጎደለው» ብሎ ዋጋ ከሰቀለ ደግሞ ጋዙን አንፈልገውም ይበሉትና በቆራሌው ዋጋ ይጀምሩ።