አምባሰልን ማን ይጻፍልን?

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። “የሀንጋሪ ክላሲካል ሙዚቃ” ስትባሉ ምን ትዝ ይላችኋል? ምንም? አይዞአችሁ፣ ብዙዎቻችን እንደዚያው ነን። ግን ነገሩ ሐይቅና ውጫሌ ድረስ ይመጣልና ታገሡኝ።

ቤላ ባርቶክና ዞልታን ኮዳይ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳሉ (እንደኛ ማለት ነው!) ፎኖግራፍ ተሸክመው በየገጠሩ እየዞሩ የገበሬውን ዘፈን ቀዱ። በ1906 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሃያ ዘፈኖች አሳተሙ። ባርቶክማ በ1913 አልጄሪያ ድረስ ሄዶ ቀድቷል። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ፦ መጀመሪያ መንደሩ፣ ቀጥሎ ወረቀቱ፣ ከዚያ ኦርኬስትራው።

ውጤቱስ? ባርቶክ በ1911 የጻፈውን “የብሉቤርድ ግንብ” የተባለ ኦፔራ የሄልሲንኪ ፊልሃርሞኒክ በሱዛና ማልኪ መሪነት እንደ አዲስ ቀድቶ በ2021 አወጣው። ፊንላንዶች እኮ ናቸው! ኖታው ስላለ ማንም አገር አንስቶ ይጫወተዋል።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ከአራቱ ዋና ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸው የወሎ አገር ስም ነው። የጥንቱ የሀንጋሪ ገበሬ ዜማም እንደኛው ባለ አምስት ድምፅ ነው። ልዩነቱ የነሱ ግማሽ ድምፅ የለውም፤ አምባሰል ግን አለው። ለኔ ያ ሆድ የሚያባባው ነገር የሚመጣው ከዚያ ነው።

መንገዱን የጀመሩልንም አሉ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ በ1967 የሀንጋሪን መንግሥት ኦርኬስትራ መርቶ የራሱን ድርሰቶች አሰምቷል። “ጥቁሩ ኮዳይ” የሚል ስምም ወጥቶለታል። ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋም በ2014 በወጣው አልበሙ “አምባሰል” የሚል ሥራ አለው። ደስ ይላል! ግን ሁለት ሰው ብቻውን የት ያደርሰናል?

“አምባሰል ማሲንቆ እንጂ ቫዮሊን ምን ያደርግለታል?” የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። ማሪቱ ለገሠ ስትዘፍነው ምን ጎደለው? የኔ ፍርሃት ሌላ ነው። ዛሬ አብዛኞቻችን አምባሰልን የምንሰማው በኪቦርድ ከተለካ በኋላ ነው። አዝማሪው በጉሮሮው የሚያለሳልሳት፣ ከፍ ዝቅ የሚያደርጋት ድምፅ ኪቦርዱ ላይ የለችም። እሷን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ካለፉ፣ ነገ ኦርኬስትራ ቢመጣ እንኳ የሚጫወተው የኪቦርዱን አምባሰል ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ባርቶክ ያን ሁሉ ዕቃ ተሸክሞ ዞረ፤ የኛ መቅጃ ኪሳችን ውስጥ ነው። መንገዱ ሰላም ሲሆን የሙዚቃ ተማሪዎች ወደ ሐይቅ፣ ውጫሌና ባቲ ይውጡ። ዘፋኙን አስፈቅደው፣ ስሙን መዝግበው፣ ከጥቅሙም ድርሻውን አስበውለት ይቅዱ። ቅጂው ደግሞ እዚያው ደሴ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ይቀመጥ። ኖታው ከዚያ ይጻፋል።

ጋዜጠኝነት ስንማር “ምንጫችሁን ጥቀሱ” ይሉን ነበር። ሄልሲንኪ አምባሰልን የምትጫወትበት ቀን ከመጣ፣ ዜማው ከየትኛው መንደር፣ ከማን አፍ እንደተሰማ ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ይገኝ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?