ዋጋውን የከፈሉት ሌሎች ናቸው

የሴኔጋል ዋና ከተማ ዳካር በአውሮፕላን የሚገባ መንገደኛ የሚያርፈው በብሌዝ ዲያኝ ስም በተሰየመው አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ማረፊያው ሥራ የጀመረው በ2017 ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ባለስሙ ግን ለአንዳንዱ የመብት አባት፣ ለሌላው የፈረንሳይ አሽከር ነው። እኔ ከሁለቱም ስድብና ውዳሴ ይልቅ አንድ ጥያቄ እመርጣለሁ፤ ዲያኝ መብት ሲያስከብር ዋጋውን የከፈለው ማን ነው?

ዲያኝ በ1872 በጎሬ ደሴት ከምግብ አብሳይ አባት ተወለደ። አንድ የክልስ ቤተሰብ አሳድጎ አስተማረው፤ በፈረንሳይ ጉምሩክ ተቀጥሮም ከዳሆሜ እስከ ማዳጋስካር አገለገለ። በ1914 ተወዳድሮ በፓሪስ ምክር ቤት የተቀመጠ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ እንደራሴ ሆነ። የመረጠው ግን መላው ሴኔጋል አልነበረም። ድምፅ የነበራቸው የአራቱ ከተሞች፣ የዳካር፣ የጎሬ፣ የሩፊስክና የሴን ሉዊ ሰዎች ብቻ ናቸው። የገጠሩ ሕዝብ ሹም ያለ ፍርድ ቤት የሚቀጣው፣ ለግዳጅ ሥራ የሚነዳ ተገዥ ነበር።

እንደራሴው የመራጮቹን ጉዳይ በብልሃት ያዘ። ፈረንሳይ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ስትጨነቅ፣ የከተሞቹ ልጆች እንደ ማንኛውም ፈረንሳዊ እንዲዘምቱ በ1915 ሕግ አስወጣ። በ1916 ደግሞ እነርሱና ዘሮቻቸው ዜጎች መሆናቸውን አስጸደቀ። እስከዚህ ድረስ መብቱን ያገኘውም ጠመንጃ የተሸከመውም ያው ሰው ስለሆነ ውሉን አልነቅፍም።

በ1918 ነገሩ ተለወጠ። የፈረንሳይ ጠቅላይ ሚኒስትር ክሌማንሶ የጠቅላይ ገዥ ማዕረግ ሰጥቶ ወታደር እንዲመለምል ላከው። ቅኝ ግዛቱ ከዚህ በላይ ሰው መስጠት አይችልም ይል የነበረው የፈረንሳይ ምዕራብ አፍሪካ ጠቅላይ ገዥ ቫን ቮለንሆቨን ሥልጣኑን ለቆ ራሱ ዘመተ፤ በዚያው ዓመትም ጦር ሜዳ ላይ ወደቀ። ዲያኝ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታልና ከተገዥነት ቅጣት ነጻ መሆንን ቃል እየገባ ከምዕራብ አፍሪካ ብቻ ከ60,000 በላይ ሰው ሰበሰበ። አብዛኞቹ ድምፅ የሌላቸው የገጠር ልጆች ነበሩ። ከቃሉ ብዙው ወረቀት ላይ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ሰውየው ወደ ኃያላኑ አዘነበለ። በ1923 የሴኔጋልን ንግድ ከያዙት ከቦርዶ ነጋዴዎች ጋር ተስማማ፤ በ1930 ጄኔቫ ላይ በዓለም አቀፉ የሥራ ጉባኤ የፈረንሳይን የግዳጅ ሥራ ደግፎ ተከራከረ፤ በ1931 በቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ምክትል ሚኒስትር ሆነ። በ1934 ሲሞትም የዳካር ከንቲባና እንደራሴ ነበር።

ደጋፊዎቹ በሩን የከፈተው እሱ ነው ይላሉ። እውነት አላቸው፤ በ1946 ሌላው የሴኔጋል እንደራሴ ላሚን ጌይ ባስወጣው ሕግ ዜግነት ለተገዥዎቹም ተዳርሷል። ይሁንና ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1944፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ አፍሪካውያን ወታደሮች ያልተከፈለ ደመወዛቸውን ስለጠየቁ በዳካር አጠገብ ቲያሮይ ላይ በጥይት ተረሽነዋል። ፈረንሳይ ድርጊቱን ጭፍጨፋ ብላ ያመነችው በ2024 ነው።

ስሙ ከማረፊያው ይነሣ አልልም። የዲያኝ ታሪክ የሚጠቅመን እንደ መለኪያ ነው። ዛሬም የአፍሪካ ምክር ቤቶች የብድር፣ የማዕድንና የጦር ሰፈር ውል ያጸድቃሉ። እንደራሴው ለመራጩ ምን አመጣ ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ዕዳውን በስብሰባው ላልነበረ፣ ድምፁም ላልተሰማ ሰው አስተላልፎ እንደሆነም ይጠየቅ።